ሙሉነሽ ጠራች

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ፣ እጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ በር የሚያክል ሸራ ተሰቅሏል። ከሥሩ አምስት ወር ሙሉ አንዲት ነጭ ካርድ ተለጥፋ ነበር። ካርዷ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ሠዓሊው ያልታወቀ» ትላለች። ይህ በደል በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።

ሠዓሊዋ ትታወቃለች። እትዬ ሙሉነሽ ትባላለች። ከምግብ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው ሕንፃ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ኖራለች። አምና ልጇ ወደ ላስ ቬጋስ ወሰደቻት። ላስ ቬጋስ ሄደች ማለት ደግሞ ጠፋች ማለት አይደለም፤ ግማሹ ፌርፋክስ አሁን እዚያ ነው ያለው። በቤቷ ሌላ ሰው ገብቷል። እኔ ግን ጠዋት ስወጣ እስከ ዛሬ ድረስ በሯን ላንኳኳ እጄ ይነሣል።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፍርድ ሲጓደል ለማየት ግን ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ ዐይን ይበቃል።

እትዬ ሙሉነሽ አጭር ናት። ስትቀመጥ ግን አለቃ ፊቷ ቆሞ ደብዳቤ የሚያስጽፋት ይመስል ቀጥ ትላለች። አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ሰው ሲያወራላት ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋሉ። ወሬው ሲበቃት በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ጠቅ ታደርጋለች። ያ አራት ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቃጠለ ብትላት እንኳ አትሰማህም።

በዚያን ጊዜ ደብዳቤ የሚባዛው መጀመሪያ ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ በታይፕ እየተቆረጠ ነው፤ ወረቀቱ ስቴንስል ይባላል። ፊደል ከተሳሳተ የጥፍር ቀለም የመሰለ ቀይ ነገር ይቀባበትና ይታረማል። እትዬ ሙሉነሽ ሥራዋ ስቴንስል መቁረጥ ነበር።

«ሃያ ዓመት ስቆርጥ አንድ ፊደል አላጠፋሁም» ትላለች።

«ታዲያ ቀዩን ቀለም ምን አደረግሽው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጥፍሬን ቀባሁበት።»

በፊደል ነገር ምሕረት የላትም። እኔ ሥራ የሚለውን ቃል በእሳቱ ሰ ከጻፍኩ ወረቀቱን ትነጥቀኛለች። «በንጉሡ ሠ ነው፣ አስካልዬ! በእሳቱ ከጻፍሽው ይቃጠላል!» አንዱ ሥጋ ቤት በማስታወቂያው ላይ «ስጋ» ብሎ በእሳቱ ሰ ስላጻፈ፣ ሦስት ወር እዚያ ቤት ሳትገባ ቀርታለች። ባለቤቱ ምን እንዳስቀየማት ቢጠይቃት፣ «ሥጋ ስትሸጥ እገባለሁ» አለችው።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በላይብረሪ ነው። አንድ ቀን ጋዜጣ ልታይ ገብታ ነበር፤ እያለከለከች በሬን ደበደበችው። ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አይታለች፤ ስቴንስል በነፃ እናስተምራለን ይላል።

«አስካልዬ፣ አሜሪካ ታይፕ ጀመረች!»

ማክሰኞ ተያይዘን ሄድን። እትዬ ሙሉነሽ መነጽሯን ወልውላለች፣ ቀዩን ጠርሙስ በቦርሳዋ ይዛለች። አስተማሪዋ ጠጕሯን ሰማያዊ የተቀባች ልጅ ናት። ከዚህ በፊት ስቴንስል የሠራ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እትዬ ሙሉነሽ እጇን አወጣች።

«ቱዌንቲ ይርስ!»

ልጅቷ አጨበጨበችላትና ከፊት አስቀመጠቻት። እትዬ ሙሉነሽ ግራና ቀኙን አየች፣ ከጠረጴዛው ሥር አየች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ታይፑ የታለ?» አለችኝ።

ታይፕ የለም። ያለው አበባ የተቆረጠበት ፕላስቲክ፣ አንድ ስፖንጅና ትንሽ ቀለም ነው። ፕላስቲኩን አንሥታ በቀዳዳው አየችኝ። ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ቀለም ያለበትን ስፖንጅ መታ መታ አደረገችበትና አነሣችው። ቀይ አበባ ቀረ። መነጽሯን ወደ ላይ አድርጋ ቀረብ ብላ አየችው።

«ስቴንስል ማለት ይሄ ከሆነ» አለች፣ «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በጥቁር ብቻ ነው የሠራሁት ማለት ነው።»

ሦስት ሳምንት ተማርንና ተወችው። ምክንያቱም የላይብረሪው ፕላስቲክ ተቆርጦ የተገዛ ነው። «ሌላ ሰው በቆረጠው ቀዳዳ ቀለም አላሳልፍም። ቤታችን እንሥራው፤ ትልቅ አድርገን።»

አስተማሪዋ የሚያስፈልገውን ዕቃ በወረቀት ጽፋ ሰጠችን፤ ሸራ፣ ቀለም፣ ስፖንጅ፣ ኮላ። መጨረሻ ላይ ያለውን እትዬ ሙሉነሽ ፊደል በፊደል አነበበችውና ደስ አላት። «ጀሶ! ጀሶ ነው የሚለው። ኮርኒስ የሚለሰንበት። ይሄንንማ እናውቀዋለን።»

የሥዕል ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገባን። «ጀሶ፣ ፕሊስ» አልኩት ልጁን። ልጁም ቃሌን ሳያስደግም፣ «ሹር» ብሎ አንድ ነጭ ባልዲ አቀበለኝ። ፈረንጅ በአንድ ቃል ሲረዳኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እዚያው ከፈትኩት። ወተት የመሰለ ቀለም ነው።

«ይሄ ጀሶ አይደለም። ጀሶ ዱቄት ነው። ፓውደር! ወተር! ከዚያ...» ብዬ ባንኮኒውን በእጄ ጓ አደረግሁት። ኮርኒሱንም አሳየሁት። ልጁ ባልዲው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ እየነካ ያስረዳኛል። እኔ ደግሞ ስሙን ከለጠፋችሁ ዕቃውንም አብራችሁ ጨምሩ እላለሁ። ትክክል ነው እንጂ! እትዬ ሙሉነሽ ባንኮኒውን ይዛ ስትስቅ መነጽሯ ወልቆ ባልዲው ውስጥ ገባ። ነጭ መነጽር አድርጋ ወጣች።

በኋላ እንደተረዳነው ልጁም አልዋሸም፤ ሠዓሊዎች ሸራ ከመቀባታቸው በፊት የሚያለብሱት ነገር ስሙ ጀሶን ይመስላል። እኛ ግን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ እውነተኛውን ጀሶ በከረጢት ገዝተን ወደ ቤት ገብተን ነበር።

በኔ ድስት አቦካሁት፤ ጀሶ፣ ውኃ፣ ነጭ ኮላ። ጥሩ ሆነልኝ። ስልክ ጮኸ። ልጄ ናት፤ ሁለት ቃል አውርቼ ተመለስኩ። ማማሰያው ድስቱ መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብስበው ድስቱ አብሮ ተነሣ። ባወዛውዘው ድስቱ አብሮ ተወዛወዘ። እትዬ ሙሉነሽ ወንበሯ ላይ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አትታገይው! ስቴንስል ቢሆን ቀይ ቀለም ነበረኝ። ጀሶ ግን አንዴ ከደረቀ ደረቀ!»

ያ ድስት እስከ ዛሬ በሬን ክፍት አድርጎ ይይዝልኛል፤ እጀታው ማማሰያው ነው። ሁለተኛውን ስናቦካ ግን ስልኩን አጠፋሁ። ፊደልና ቅርጽ ከሸራው ላይ ብቅ ብሎ እንዲታይ፣ በቀዳዳው በኩል ያን ጀሶ በአሮጌ የላይብረሪ ካርድ እየሞጀርን እናለሰልሰዋለን። ቀዳዳው ያለበት ሲነሣ ፊደሉ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ዐይነ ስውር በጣቱ ያነበዋል።

የሚቆረጠው ነገር ላይ ተቸገርን። ካርቶን በጀሶው ይርሳል። ፋይል ይታጠፋል። ያን ጊዜ ነው ፍራሼ ሥር ያለው ፖስታ ትዝ ያለኝ። ወደ አሜሪካ ስመጣ የደረቴን ራጅ ተሸክሜ ነው የመጣሁት፤ እንዳታጥፊው፣ እንዳይጠፋብሽ፣ ኤርፖርት ትጠየቂያለሽ ብለውኛል። ኤርፖርት ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ይጠይቁኝ ይሆናል ብዬ ሃያ ዓመት ተኝቼበታለሁ።

እትዬ ሙሉነሽ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው።

«አስካልዬ፣ መንግሥት ሳምባሽን ረስቶታል። መቀሱን አምጪ።»

የሚገርም ዕቃ ነው። አይርስም፣ አይቀደድም፣ ታጥቦ እንደገና ይሠራል። ፊደሎቹን በሙሉ ከኔ ደረት ቆረጠች። ደግሞም ቆጣቢ ናት። በ ሲገለበጥ ሀ ይሆናል፤ ሠ ሲገለበጥ ጠ ይሆናል፤ እንግዲያው ለሁለት ፊደል አንድ ቀዳዳ ይበቃል አለች። ሠ የተቆረጠው ከአንገቴ ሥር ነው። «የአንገትሽ አጥንት ወደ ላይ ሲሆን ሠ፣ ወደ ታች ሲሆን ጠ። እንዳትረሺ» አለችኝ። ጎድኔን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

መቁረጡ ላይ አንደኛ ናት። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓመት ታይፕ የመታው እጇ ከሩብ ሰዓት በላይ ስፖንጅ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ቆርጣ ትሰጠኝና ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ እለጥፋለሁ፣ እቀባለሁ። «ወደ ግራ። ትንሽ። ኧረ በዛ!» ትላለች። ሸራው ላይ የሠራነው ይህንኑ የኛን ጎዳና ነው። ሱቆቹን ከአሮጌ የምግብ ዝርዝር ለጠፍኳቸው። ዛፎቹን በስፖንጅ ወይን ጠጅ ቀባኋቸው፤ ጃካራንዳ ሲያብብ እንደሚሆነው። ሰማዩን ምን እናድርገው ስንል፣ ከታች የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ፣ ታክሲ ሲነዱ የኖሩት፣ አንድ ከረጢት የፓርኪንግ ቅጣት ቲኬት ይዘው መጡ።

«ከላይ ነው የወረደብኝ፣ ወደ ላይ መልሱልኝ» አሉ።

ሰማዩ ከቲኬት ተሠራ። መደዳ መደዳውን ስለጥፈው አላማረም፤ እየቀደድኩ እንደ ደመና ሳደራርበው እትዬ ሙሉነሽ ታየኝ ነበር። «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። ሸማ ሲቀደድ እንዲህ ነው የሚጣፈው አልኳት።

ከሁሉ ያሳቀችን ሴትየዋ ናት። እትዬ ሙሉነሽ የቆረጠችው ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ብቻ ነው። እኔ እሷኑ እያጠብኩ አሥራ አንድ ጊዜ አተምኳት፤ ለእያንዳንዷ ካረጀ ነጠላዬ ጥለት ቀድጄ አለበስኳት። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስላሉ። እንዲያው ሰለቸኝና አሥራ ሁለተኛዋን ራጁን በጀርባው ገልብጬ አተምኳት። ፊቷን አዙራ ከሌላዋ ጋር ተፋጠጠች።

«ውይ!» አለች እትዬ ሙሉነሽ። «ማማት ጀመሩ!»

ከዚያማ ማን ያቁመን። ይቺ እገሊት ናት፣ ያቺ ደግሞ ባሏን የምትከታተለው ናት እያልን ስም ስናወጣ፣ ከታች ያለው ሌላ ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ እስኪደበድብ ሳቅን።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ ደረስኩ። በመጨረሻው ቀን ከታች በቀኝ በኩል ስሟ ይጻፍ ተባለ፤ «ሙሉነሽ ሠራች» ተብሎ። ጀሶውን ራሷ ልትሞጅር ካርዱን ያዘች። ፊደሎቹን እኔ አቀብላለሁ፣ ከላይ ሆኜም በጣቴ እይዝላታለሁ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ዐይኔ ሰዓቱ ላይ ነው። ጀሶው ገና እርጥብ እያለ ጥያት ሮጥኩ።

በማግሥቱ ስመጣ ደርቋል። «ሙሉነሽ ጠራች» ይላል።

ጣቴን ጠ ላይ አኖርኩ። አንገቴን ወደ ታች አድርጌ ነው ያቀበልኳት! እትዬ ሙሉነሽ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ታስኬዳለች። ጮሃ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ፤ ምንም አላለችም። መነጽሯ ላይ ያ ነጭ ቀለም ስለቀረ አላየችውም አልኩ። ሃያ ዓመት አንድ ፊደል ያላጠፋች ሴት፣ በኔ እጅ ጠፋባት። ሹፌር የተጣላሁ፣ ሐኪም የተከራከርኩ ሴትዮ፣ ይቺን ለመናገር ፈራሁ።

ወደ ላስ ቬጋስ ስትሄድ ሸራው ከጀሶው የተነሣ ለሦስት ሰው የሚከብድ ሆኖ ተገኘና ለምግብ ቤቱ ባለቤት ሰጠችው። እሱም ጎን ጎኑን የሚሸፍን ወፍራም የእንጨት ፍሬም አሠራለት። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ሰለሞን ለሚባል ከሎንግ ቢች ለመጣ ጎልማሳ ሸጠለት። ሰለሞን፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ሙዚየም ያዩ ሰዎች እግረ መንገዳቸውን ለምሳ ስለሚመጡበት ግድግዳውን ሁሉ እንደ ሙዚየም ካርድ በካርድ አደረገው። ያቺ ካርድ የተለጠፈችው ያን ጊዜ ነው።

«ልጄ፣ ይህን የሠራች ሴት እኮ ስም አላት» አልኩት።

«ኦኬ እማማ፣ ማናት?» አንቺ ነው የሚለኝ፤ አንቱ ከሎንግ ቢች ሲመጣ መንገድ ላይ ወድቆበታል።

«ሙሉነሽ። ተጽፎበታል አይደል እንዴ!»

«አይቼዋለሁ። ‹ሙሉነሽ ጠራች› ነው የሚለው። ሶ፣ እሷ ሰው ኢንቫይት ያደረገች ናት። ፓርቲ ምናምን። አርቲስቷ ሌላ ናት።»

«ሠራች ነው!»

«እማማ፣ አማርኛ አነባለሁ። ጠ ነው።»

«የተገለበጠ ሠ ነው!»

«ለምን ተገለበጠ?»

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ዝም ግን አላልኩም። በማግሥቱ ካርዱን ነቅዬ የራሴን ለጠፍኩ፤ «ሙሉነሽ ሰራች»። ሰለሞን አየውና፣ «ስፔሊንጉ ትክክል ነው?» አለኝ። ለካ በንዴት በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ! አቃጠልኩት። አርሜ ለጠፍኩ፤ እሱ አነሣ። እንደገና ለጠፍኩ፤ አነሣ። ከዚያ በኋላ ሸራው ሥር ያለውን ወንበር ያዝኩና እጁን ለመታጠብ ለሚመጣ ሁሉ፣ «ኖ አንኖውን! ሙሉነሽ!» ማለት ጀመርኩ። ፈረንጆቹ የትርኢቱ ክፍል መስያቸው አጨበጨቡልኝ። አንዷማ አብራኝ ፎቶ ተነሣች።

«እማማ፣ ምን ላድርግሽ?» አለ ሰለሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀምጦ። «ስልኳን ስጪኝና ኮል እናድርጋት። ሠርታው ከሆነ ሠርቻለሁ ትበል፣ አለቀ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

አምስት ወር የያዝኩትን ለሱ ነገርኩት። ራጁን፣ አንገቴን፣ ሩጫዬን። ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። «ታዲያ እሷ ሳታውቅ ስሟን ልታስመልሺ ነው የምትታገይው?» አለኝ። ቁጥሯን ሰጠሁትና ደወለ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«ማነው?» አለች እትዬ ሙሉነሽ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ እኔ ነኝ፣ አስካለ። ፊደልሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ራጁን ገልብጬ አቀበልኩሽ። ሠራች መሆኑ ቀርቶ ጠራች ሆነብሽ። ይሄው ሰዉ ሁሉ አትታወቅም ይልሻል።»

ከስልኩ ውስጥ ጣቶቿ ሲሄዱ ሰማሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀጥሎ ያ ሳቅ መጣ፣ የድስቱ ቀን የሳቀችው።

«አንቺ ሴትዮ! የአንገትሽን አጥንት አላውቀውም ብለሽ ነው? አንቺማ ደህና አድርገሽ ነው ያቀበልሽኝ። ዐይንሽ ሰዓቱ ላይ ሲሆን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«የጠራሁት እኔ ነኛ! በርሽን ደብድቦ የጠራሽ ማነው? ደግሞ ሃያ ዓመት ፊደል ያላጠፋሁ፣ በስሜ ላይ አጠፋለሁ? ያ ልጅ እዚያ አለ? ፍሬሙን አውልቅና፣ ያኔ ወደ ግድግዳው አስጠግቼ የሸሸግሁብሽን የሸራውን ጎን እየው በለው።»

ሰለሞን ብሎን መፍቻ አመጣ። በቀኝ በኩል ያለው እንጨት ሲነሣ፣ በሸራው ጎን ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከጀሶ የተሠራ ጽሑፍ ወጣ። በጣቱ እየነካ ጮክ ብሎ አነበበው።

«አስካለ ሠራች።»

በንጉሡ ሠ ነው። አንገቴ ወደ ላይ ነው። ወዲያው ንዴቴ መጣ።

«ይሄማ ፍርድ አይደለም!» ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ። «ሐሳቡ ያንቺ፣ ቆረጣው ያንቺ! እኔ ለጠፍኩ፣ ቀባሁ፣ ሌላ ምን አደረግሁ? ሰው ሲያነበው ምን ይላል? በይ ይታረም! አሁኑኑ ይታረም!»

አውራ ጣቷ ከላስ ቬጋስ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል ሰማሁት።

«ጀሶው ደርቋል፣ አስካልዬ።»